እትዬ ፈፋ

ሰባት ዓመቴ ላይ ፈፋ የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። የአንዲት ሴት ስም፤ አንኮበር ታች የምትኖር፣ ቀጭን፣ ክረምት ክረምት አመል የሚነሳባት፣ እናቴ ስሟን ስታነሳ ፊቷ የሚጠቁርባት ሴት። ወንድሜን ብሩክን ከቤታችን የወሰደችውም እሷ ነበረች።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር በየገጠሩ እየዞርን ቃላት እንሰበስባለን፤ ሽማግሌዎች እናነጋግራለን፣ በትንንሽ ካርዶች እንጽፋለን። ፈፋ ማለት ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚቀጥን ወይም ጭራሹን የሚደርቅ ትንሽ የውሃ መውረጃ መሆኑን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። እኔ ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ነበርኩ። የማውቀው ውሃ ሦስት ዓይነት ነው፤ የቧንቧ ውሃ፣ የበሬሳ ወንዝ፣ እና የአማርኛ መጽሐፌ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሳለው ጅረት። ፈፋ የሚል ቃል መጽሐፌ ውስጥ አልነበረም።

አባቴ ወርቅአገኘሁ ማዘጋጃ ቤት ይሠራ ነበር። ረጅም የመለኪያ ሜትር በትከሻው አንግቦ የሰው ቦታ እየለካ ይውላል። እናቴ ባዩሽ የጫጫ ልጅ ናት፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ማታ ስትመጣ ፀጉሯ ውስጥ የሱፍ ብናኝ ተሰክቶ ይመጣል፤ ጭኗ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ እለቅምላታለሁ። ሁለቱም ደጎች ነበሩ። እኔን ያናግሩኛል፤ እርስ በርስ ግን ብዙ አያወሩም። ጨው አቀብይኝ፣ በሩን ዝጋው፣ ውሃ መጥቷል፣ ከዚያ የማያልፍ ነው። ባልና ሚስት ሁሉ እንደዚያ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

የፈፋን ስም መጀመሪያ የሰማሁት አንደኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም ነው። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሴት ከግቢያችን አንድ ክፍል ተከራይተው ገብተው ነበር። ከእናቴ ጋር ፀሐይ የሚሞቅ ግድግዳ ተደግፈው ምስር ይለቅማሉ። እኔ ከጀርባቸው ጠጠሮቹን እየሰበሰብኩ እቆጥራለሁ።

«ሔራን ብቻ ናት?» አሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ።

እናቴ አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ታላቅ ነበራት። ብሩክ የሚባል።»

«ነበራት?»

«ያቺ ፈፋ ወሰደችብኝ። አባታቸው አገር፣ አንኮበር ታች ያለችው።»

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። «እኔን። ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አምስት። አባቱ ነበር ይዞት የሄደው። ይዞት ሄደ፣ ብቻውን ተመለሰ።»

ምስሩም ሳይለቀም ቀረ።

የልጅ ነገር የራሱ ሒሳብ አለው። ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ቤዛ እናቷ ጋ አትኖርም፤ አክስቷ ልጅ ስላልነበራቸው ወስደው ያሳድጓታል። ሰው ልጅ ይወስዳል፤ ይህን አውቃለሁ። እንግዲህ አንኮበር ውስጥ ፈፋ የምትባል ልጅ የሌላት ሴት አለች፤ አባዬ ወንድሜን ሲያሳያት ወደደችውና አስቀረችው። እማዬም እስከ ዛሬ ተቀይማለች። እንዲህ አድርጌ ጨረስኩት፤ የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

እናቴ ስትወጣ ጠብቄ ሻንጣዋን ከፈትኩ። ልብሶቿ ሥር በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን የያዘ፣ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ ልጅ። ፎቶው ላይ አምስት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ለኔ ያን ጊዜም አምስት ዓመቱ ነበር። እኔ ሰባት ነኝ። ታናሽ ወንድም እንዳገኘሁ ቆጠርኩት።

ጥቅምት ላይ የአባቴ አጎት መምሬ ገብረአማኑኤል ዓይናቸውን ሊታዩ ከአገር ቤት መጡ። አንኮበር ታች ያለችው ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። ራት ተበልቶ እናቴ ዕቃ ልታጥብ ስትነሳ፣ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

«ፈፋዋስ እንዴት ናት?»

«ዘንድሮ ክረምትማ አብዳ ነበር» አሉ መምሬ። «የጎረቤቴን የኪዳነ ማርያምን የባቄላ ማሳ ጠርጋ ይዛው ሄደች። አሁን ደግሞ ከስታ ከስታ ክር አክላለች። እስከ ታኅሣሥ እንኳ የምትቆይ አትመስለኝም።»

«ትደርቃለች?»

«ትደርቃለች እንጂ። አንተ ለኅዳር ሚካኤል ትመጣ የለም? ታያታለህ።»

እናቴ ዕቃውን ይዛ ቆማ ነበር። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

የዚያን ቀን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ወንድሜ ያለው ክረምት ሲመጣ የምታብድ፣ በጋ ሲመጣ የሚበላ አጥታ የምትከሳ ሴት እጅ ውስጥ ነው። የሰው ባቄላ የወሰደችውም ርቧት መሆን አለበት። እሱስ ምን ይበላል?

በማግስቱ አባቴን ጫማውን ሲያስር አገኘሁትና «አባዬ፣ ፈፋ ትቆጣለች?» አልኩት።

ማሰሪያውን እንደያዘ ቀረ። «ማን ነገረሽ ስለ ፈፋ?»

«ሰማኋ።»

ማሰሪያውን ቋጠረ። «ክረምት ትቆጣለች» አለ።

«በጋስ?»

«በጋ ደግ ናት። ምንም አታደርግም።»

«ብሩክ እሷ ጋ ነው አይደል?»

ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አስጠጋና ያዘኝ። «አዎ፣ ልጄ። እዚያ ነው።»

እሱ ልጄ ሁሉን አውቃለች ብሎ ነበር፤ እናቴ የነገረችኝ መስሎታል። እሷ ደግሞ ምንም እንዳልሰማሁ ታምናለች። ሁለታችን ጫማ ማሰሪያ ላይ ጎንበስ ብለን ስለ ሁለት ነገር እናወራ እንደነበር ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ኅዳር ሲገባ ውርጩ ሣሩን ማለዳ ማለዳ ነጭ ያደርገዋል። እኔም መጻፍ ችዬ ነበር፤ ከክፍል ፊደል ቀድማ የጨረሰች እያሉ መምህሯ ያጨበጭቡልኛል። ከደብተሬ መሐል ሁለት ገጽ ገንጥዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያ ወረቀት ዛሬም እኔ ጋ ስላለ ቃሉን አልረሳውም።

«ለእትዬ ፈፋ። እንደምን አሉ። እኔ ሔራን ነኝ። የብሩክ እህት ነኝ። ክረምት ላይ አሞዎት ነበር ሲሉ ሰማሁ። እግዜር ይማርዎ። እማዬ ብሩክን ስለወሰዱባት አዝናለች። ይመልሱልን። እንቢ ካሉ ለፋሲካ ብቻ ይላኩት። እንመልስልዎታለን። ክረምት ሲያምዎት ደግሞ እኛ ጋ ይቆይ። ለሱ ሹራብ ልኬያለሁ። ለእርስዎ ዳቦ አለ። አይቆጡት።»

ሹራቡ የኔ ነበር፤ ቢጫ፣ ለሚመጣው ዓመትም ይሆናታል ተብሎ የተገዛ ሰፊ ሹራብ። ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ከትቼ፣ ዳቦውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ አባቴ ሊሄድ ባዘጋጃት ቦርሳ ሥር ቀበርኩት።

አባቴ ለሚካኤል በዋዜማው ሄደ። ሁልጊዜ ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። ያን ጊዜ ግን በማግስቱ፣ በዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። እናቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። ገብቶ ሰላም እንኳ ሳይለን ወረቀቱን ሰጣት።

መምሬ ገብረአማኑኤል ኋላ እንደነገሩኝ፣ አባቴ ጠዋት ቅዳሴ ሊሄድ ነጠላውን ከቦርሳው ሲያወጣ ሹራቡ ተከትሎት ወጣ። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ፣ ቁጭ ብሎ ደገመ። «ከዚያ ቅዳሴም አልገባ፣ ፈፋዋም ጋ አልወረደ» አሉኝ። «‹መምሬ፣ እኔና ባዩሽ ይህችን ልጅ ምን አደረግናት› አለኝና መኪና ፍለጋ ወጣ።»

እናቴ እጇ እርጥብ ነበር፤ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ዛሬም ቀለሙ የፈሰሰበት ቦታ አለ። አንብባ ስትጨርስ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። ጥፋት እንዳጠፋሁ ገባኝ። ሹራቡን ያለ ፈቃድ ስለሰጠሁ መሰለኝና «ሌላ አልፈልግም፣ አይበርደኝም» አልኩ። ሁለቱ ግን ትተውኝ ቤት ገቡና በሩን ገፋ አደረጉት።

በሩ አይገጥምም ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች እናቴ። «ዘጠኝ ዓመት እንዴት እንደሆነ አንድ ቀን አልነገርከኝም።»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እንዴት ብዬ ልጠይቅ? አፌ እንዴት ይታዘዝልኝ?»

«እኔስ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ከነገርኩሽ በኋላ እዚህ ቤት የምታስቀምጪኝ አልመሰለኝም።»

ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ። «ነገ እሄዳለሁ። ቦታውን አሳየኝ። እሷም ትምጣ።»

በልጅ ጆሮዬ የሰማሁት ይህን ነበር፤ ብሩክን ልናመጣው ነው። ደስ ብሎኝ ግቢውን ዞርኩ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ምን ሆንሽ ሲሉኝ «ነገ ወንድሜን ልናመጣ ነው» አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቤታቸው ገቡ። እሳቸውንም ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ማለዳ ከመናኸሪያ አውቶቡስ ያዝን። መስኮቱን በክርኔ እያበስኩ ሜዳውን፣ ክምሩን፣ የድንጋይ ካቦቹን አያለሁ። ከዚያ ሜዳው በድንገት አለቀ፤ ከፊታችን ጉም ብቻ ሆነ። አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ ላይ ከአውቶቡስ ስንወርድ ጉሙ እግራችን ሥር ነበር። አባቴ ማታ ደውሎላቸው ኖሮ፣ መምሬ ገብረአማኑኤል ጥቁር ካባቸውን ደርበው ቆመው ጠበቁን። እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ትከሻዋን ይዘው አቀኗት። «መጣሽ፣ ባዩሽ» አሉ። ከቀብሩ ጀምሮ ያን አገር ረግጣ አታውቅም ነበር። ቀብሩንም ቢሆን ሰው ደግፏት እንደቆመች እንጂ ሌላ ነገር እንደማታስታውስ ኋላ ነግራኛለች።

ቁልቁለቱን ወረድን። አባቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላው፣ መሐላቸው አሥር እርምጃ። እኔ የመምሬን እጅ ይዤአለሁ። መንገዱ ዳር ቤት ባየሁ ቁጥር «ይሄ ነው?» እላለሁ።

«ምኑ?»

«የእትዬ ፈፋ ቤት።»

መምሬ ቆሙ። ስለ ደብዳቤው ያውቃሉ፤ እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በእምነቴ እንዳለሁ ግን አላወቁም። ፊት የሚሄዱትን አዩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቀረት አድርገውኝ ሁለት ድንጋዮች መሐል ወደምትወርድ ውሃ ወሰዱኝ። ውሃ ማለት ይከብዳል። እጄን ብጋርድባት የምትቆም ነበረች።

«ፈፋ ይቺ ናት» አሉኝ።

«ይቺ?»

«ይቺ። ወንዝ ሲሆን ስም ይወጣለታል። ጅረት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል። እንዲህ እንደሷ ያለችው፣ ክረምት የምትመጣ በጋ የምትሄደው ግን ፈፋ ትባላለች። ይቺ ብቻ አይደለችም፤ እዚያም ማዶ አለች፣ እዚያም ታች አለች። ሁሉም ፈፋ ነው የሚባሉት።»

«ለምን ፈፋ ተባሉ?»

«እስቲ ስሚያት» አሉና ጎንበስ አደረጉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድንጋዩ ላይ ስትወርድ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች፤ ፈ፣ ፈ፣ ፈ። «አባቴ ከድምፅዋ የወጣ ነው ይለኝ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ።»

እኔም እስከ ዛሬ እንጃ። ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ ሰው ጠይቀናል። የመምሬን ዓይነት መልስ የሰጡን አሉ፤ ፏፏቴን ያነሱልን አሉ፤ ቃል ቃል ነው፣ ምን ያስጠይቃል ያሉንም አሉ። ካርዱ ላይ «ምንጩ አልተረጋገጠም» ብዬ ጽፌ ትቼዋለሁ። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ሁሉም ስለ ፈፋ ሲያወሩ እሷ ይሏታል። ትንሽን ነገር በሴት ጾታ መጥራት የቋንቋችን ልማድ ነው፤ ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ ድምፄ የሚለወጠው ለምን እንደሆነ አያውቁም።

ያን ዕለት ግን ተናደድኩ። «ውሃ ልጅ አይወስድም» አልኩ መምሬን። «እጅ የላትም።»

መምሬ ወደ ታች፣ ወደ እናቴ አዩ። እናቴ ከታች ሰምታን ኖሮ ተመልሳ መጣች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቼን ያዘች።

«ሔራንዬ፣ ብሩክ ሞቷል» አለችኝ። «አንቺ ሳትወለጂ። ይቺ ውሃ ክረምት ስትሞላ አሁን እንደምታያት አይደለችም። ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም።»

ሞት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ የቤዛ አያት ሞተው ድንኳን ተተክሎ አይቻለሁ። አላለቀስኩም። «ታዲያ ሹራቡስ?» ነው ያልኩት። እናቴ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም፤ አንገቴ ሥር ፊቷን ቀበረች። ነጠላዋ የሱፍና የሳሙና ሽታ ነበረው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ያለቀስኩት ግን ለእሷ ነበር፤ ለወንድሜ ማልቀስ ገና ዓመታት ቀሩኝ።

ትንሽ ወረድ ብለን አባቴ ወደቆመበት ሄድን። ፈፋዋ እዚያ ሰፋ ትላለች፤ ዳርና ዳሯ ነጭ ድንጋይ ነው።

«የት ላይ ነበር?» አለችው እናቴ።

አባቴ በእጁ አሳየ። ሲናገር ድንጋዩን እንጂ እሷን አያይም።

«ዕቃ ይዤ ነበር። ዕቃውን ወደዚህ ላሻግርና ልመለስለት ብዬ እዚያ ጠፍጣፋው ላይ አቆምኩት። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። እዚህ አንድ ጠብታ አልጣለም፤ ላይ፣ ከገደሉ በላይ ዘንቦ ኖሯል። ዕቃውን አስቀምጬ ስዞር የደራሹን ውሃ ድምፅ ሰማሁ።»

«ሊከተልህ ብሎ ነው የገባው?» አለች እናቴ። «እያለቀሰ ሊከተልህ ብሎ?»

«አልገባም።» አለ አባቴ። «ቁም፣ እስክመለስ እንዳትንቀሳቀስ ብዬው ነበር። ቆመ። ውሃው ሲመጣ እያየው ቆመ። ቃሌን ባይሰማ፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቢሮጥ ኖሮ…» አልጨረሰውም።

ብርድ የያዘው መሰለኝ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀስ ብዬ ሄጄ ካፖርቱን ቆለፍኩለት።

እናቴ ለዘጠኝ ዓመት በዓይነ ሕሊናዋ የምታየው ሌላ ነገር እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። ልጇ ብቻውን ተትቶ፣ አባቱን እየጠራ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነበር የምታየው። አባቴ በበኩሉ «የሞተው እኔን በመስማቱ ነው፤ ይህን ከሰማች ትጠላኛለች» ብሎ ቃሉን ዋጠው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይዘው በአንድ አልጋ ተኝተዋል።

እናቴ ውሃዋን ተሻገረች፤ ጫማዋን ማውለቅ እንኳ አላስፈለጋትም። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቆመች። እዚያ ሆና አባቴ ወዳለበት ዞራ አየች፤ ርቀቱን የምትለካ ይመስል ነበር።

«ቃል ይሰማ ነበር ልጄ» አለች። ከዚያ፣ «አንተም እኮ ልትመለስለት ነበር» አለችው።

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷ መልሳ ተሻግራ አጠገቡ ተቀመጠች። መምሬ ገብረአማኑኤል እጄን ይዘው ወደ ላይ ወሰዱኝና፣ አንዲት ወፍ ጎጆዋን እንዴት እንደምትሠራ ሲያሳዩኝ ብዙ ቆየን። ወፏም ጎጆውም አልታዩኝም፤ ግን አዎ አልኳቸው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደን መቃብሩን ተሳልመን፣ መምሬ ቤት ቆሎ በልተን፣ የከሰዓቱን አውቶቡስ ያዝን። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ነበርን፤ እኔ መሐል። ድንገት እናቴ፣ ለማን እንደምትናገር ሳታሳውቅ፣ «ወተት አይወድም ነበር» አለች።

ማን እንደሆነ ገባኝ።

«ሰፈፉን ነው እንጂ» አለ አባቴ። «ሰፈፉን ካነሱለት ይጠጣ ነበር።»

«አንተ ስታጠጣው ነዋ። ለኔ እንቢ ይል ነበር።»

«ሲጠጣ ዓይንሽን ጨፍኚ እልሽ ነበር፣ እንቢ ትያለሽ። ስታይው ነበር የሚያስቸግርሽ።»

እናቴ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነበረች፤ ራሷም የደነገጠች መሰለኝ። ከዚያ ወደኔ ዞራ ሲተኛ እንደሚስቅ፣ ዶሮ እንደሚፈራ፣ ጆሮው እንደ አባቷ ጆሮ እንደነበረ ነገረችኝ። አባቴ እያረማት፣ እሷ እያረመችው፣ አንዱ የረሳውን ሌላው እየጨመረ፣ ደብረ ብርሃን መግቢያ ድረስ አወሩልኝ። መናኸሪያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወርዶ አልቆ ነበር። እነሱ ግን አላስተዋሉም፤ ወሬውን አልጨረሱትም ነበር።